ከአህያው ጋጥ ሥር

«ዝናቡማ መጥቶ ነበር፤ አሰሩት እንጂ!»

አያቴ ታኑባይ ይህን ስትል ድምጿን ዝቅ፣ አገጯን ቀና ታደርጋለች። አገጯ የሚያመለክተው ወደ መንደሩ ዳርቻ፣ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ወደ ጋያባይ ቤት ነው። ጠዋት ጥርሷን በኒም እንጨት እየፋቀች ትለዋለች። እኩለ ቀን ላይ ደጃፍ ተጋድማ ፊቷን በሳሪዋ ጫፍ እያራገበች ትለዋለች። ውሃ ቀድታ የምታልፍ ጎረቤትም ትሁን በሬ ሊያጠጣ የወጣ ገበሬ፣ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ይነገረዋል። «አስራዋለች። እንስራ ውስጥ ከትታ፣ አፉን በጨርቅ ጠፍንጋ፣ መሬት ውስጥ ቀብራዋለች።»

«ማን አየ፣ እማማ?» ትላለች እናቴ ከጓዳ።

«ሰማዩን ቀና ብለሽ አታይም? ሌላ ምን ምስክር ትፈልጊያለሽ!»

ሰማዩማ ይታይ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ፣ በአመድ እንደ ታሸ የናስ ሳህን ያብለጨልጫል። ቁራዎች አፋቸውን ከፍተው ጥላ ለጥላ ይዘላሉ። የመንደሩ የውሃ ፓምፕ እጀታው ሲወዘወዝ እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለውም። መሬቱ ተሰነጣጥቆ እኔ እጄን እስከ ክርኔ የማስገባበት ስንጥቅ ነበር፤ አንድ ጊዜ አስገብቼ ውስጡ ቀዝቃዛ መሆኑን ሳውቅ ዝናቡ ከመሬት በታች መታሰሩን አልተጠራጠርኩም።

ስምንት ዓመቴ ነበር። በመንደሩ ከኔ በላይ የሚያውቅ ልጅ አልነበረም፤ ከኔ በላይ የሚያውቅ አዋቂም በግምቴ ጥቂት ነበር። ግምቴን እስከ ዛሬ ብዙ አላሻሻልኩትም።

የአያቴ ወሬ መነሻ ነበረው። ምሪግ የሚባለው የዝናብ ኮከብ እንደገባ አንድ አመሻሽ ላይ ምዕራቡ ጠቆረ። አቧራው ቀድሞ መጣ፤ የተሰጣ ልብስና የበር ቆርቆሮ ይዞ ሄደ። ከዚያ ወፋፍራም ጠብታ፣ ከዚያ መዓት። እኛ ልጆች ራቁታችንን ሮጥን። የደረቀ አፈር ውሃ ሲጠጣ የሚያወጣው ሽታ ለአፍንጫ ሳይሆን ለሆድ ነው የሚሸተው፤ ያስርባል። በማግስቱ ጠዋት መንደሩ በሙሉ በሬውን ጠምዶ ወጣ፤ ምሪግን ባዶ ማሳለፍ በኛ አገር ነውር ነውና።

አባቴ ኒቭሩቲ የዘር ቅርጫቱን ከቆጡ ላይ አወረደና ክብደቱን በእጁ መዘነ። «ይኸው ብቻ ነው?» አለ።

«ነቀዝ ነካው፤ ለቅሜ ጣልኩት» አለች እናቴ ዐይኗን ከእሳቱ ሳታነሳ።

አባቴ ትንሽ ቆመ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ቅርጫቱን ተሸክሞ ዝም ብሎ ወጣ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ስትል ሰማኋት እናቴን፣ ለራሷ። «ወንዶቹ መልቀሙንም ለኛ ነው የሚተዉት።»

«ምን አልሽ?» አለች አያቴ። «ልጄ ምሪግን ባዶ ያሳልፍልሽ? አባቱም አላሳለፈም፣ የአባቱም አባት አላሳለፈም!»

«ኧረ ምንም አላልኩም፣ እማማ።»

ማሽላው በቀለ። ጣት አህሎ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። ቡቃያው መጀመሪያ ጫፉ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ እንደ አሮጊት ጎበጠ፣ ቀጥሎ በነካሁት ቁጥር በጣቴ መሃል ዱቄት ሆነ።

እንግዲህ ያ የአንድ ቀን ዝናብ ሲወርድ የጋያባይ ጥሬ ጡብ ገና ሳይተኮስ ወንዝ ዳር ተደርድሮ ነበር። ግማሹ ጭቃ ሆነባት። እሷም ዝናቡ ውስጥ ቆማ፣ ፀጉሯን ነጭታ፣ «በቃህ! በቃህ! አቁም!» ብላ ሰማይ ላይ ጮኸች። መንደር ሰማት። ዝናቡ ደግሞ ትእዛዝ እንደ ተቀበለ አቆመ። አያቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አላወራችም።

አሁን ነገሩን አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አላቆየኝም፤ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ጀምሬ እጄ የገባውን ሁሉ ያነበብኩት ራሴ ነኝ፣ ስለዚህም አስተማርኳት ብሎ የሚኮራብኝ የለም። ክረምቱ ከባሕር ተነስቶ ይህን ሰፊ አገር ሲያቋርጥ መሃል ላይ ትንፋሽ ይወስዳል። የደመናው መቀነት ወደ ሰሜን፣ ወደ በረዶ ተራሮቹ ግርጌ ይሸሽና እዚያ ያሉትን በጎርፍ ሲያጥለቀልቅ እኛን እዚህ ያደርቀናል። አንዳንድ ዓመት ትንፋሹ አጭር ነው፤ አንዳንድ ዓመት ዘር እስኪሞት ይረዝማል። አሳሪም ፈቺም የለውም።

ያኔ ግን ከአያቴም የተሻለ ማስረጃ ነበረኝ። በአዲስ ዓመት የቤተ መቅደሱ ካህን የኮከብ መጽሐፉን ገልጦ እያንዳንዱ የዝናብ ኮከብ በምን እንስሳ ተቀምጦ እንደሚመጣ ለመንደሩ ያነባል። በዝሆን ወይም በጎሽ ከመጣ ጥጋብ ነው። በእንቁራሪት ከመጣ ጎርፍ። በቀበሮ ወይም በአህያ ከመጣ ወዮ! በዚያ ዓመት «ምሪግ በአህያ» ሲል ወንዶቹ ግንባራቸውን መቱ። እኔ ደስ አለኝ። በመንደራችን አህያ ያላት ጋያባይ ብቻ ነበረች፤ ጡቧን የምትጭንባቸው ሁለት አህዮች። የፊት እግራቸውን በገመድ አስራ ነው የምታውላቸው። ዝናቡ በምን እንደሚመጣ ተነግሮናል፤ የሚመጣበት ታስሯል። እንዲህ የጠራ ነገር ለምን ለአዋቂዎቹ እንዳልታያቸው ገረመኝ።

በዚያው ሰሞን የሸንኮራ ቆረጣ ደላላው ደጃችን መቀመጥ ጀመረ። ሞተር ብስክሌቱን ኒሙ ሥር ያቆማል፣ ሻይ ይጠጣል፣ የሁሉንም ልጅ ስም ያውቃል። ለሁለተኛ ጊዜ የሚዘራ ዘር ያለው ቤት ይቀራል፤ የሌለው ከደላላው ጋር ተዋውሎ፣ ዝናቡ ሲያበቃ ቤቱን ዘግቶ ከነልጆቹ ለቆረጣ ይወርዳል። ይህን ሁሉም ያውቃል።

«ኒቭሩቲ ወንድሜ፣ ቀድመህ ቃል ከሰጠኸኝ ጥሩ ጎጆ እይዝልሃለሁ» ይላል ደላላው። «ልጅቷም አድጋለች፤ የተቆረጠውን እያሰረች ትረዳለች።»

«እናያለን» ይላል አባቴ።

«ምኑን ነው የምታየው? ሰማዩን?» ይስቃል።

እናቴ ያን ጊዜ ጓዳ ገብታ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ተከትያት ገባሁ። ግድግዳውን ደገፍ ብላ፣ የሳሪዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ሸንኮራ ትጠያለሽ?»

«እጠላለሁ።»

«እኔ እወዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ሸንኮራ እየመጠጡ መዋል አይሻልም?»

ጥፊ ነበር የጠበቅሁት። ጭንቅላቴን ይዛ ደረቷ ላይ አጥብቃ ለጠፈችኝ። ጣፋጭ የማትወድ እናት በማግኘቴ አዘንኩ። እሷ የተወለደችው እዚያው ሸንኮራ ዳር፣ በቅጠል ጎጆ ውስጥ እንደሆነ፣ እናቷም በሦስተኛው ቀን ቆረጣ እንደተመለሰች የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ካደግሁ በኋላ ሄጄም አይቻለሁ። እዚያ ሸንኮራ የሚመጥ ልጅ አላየሁም። እጁን ያልቆረጠው ልጅም አላየሁም።

ዝናቡን ልፈታ የሄድኩት አገር በሙሉ ጥላ ፍለጋ በተኛበት እኩለ ቀን ላይ ነው። ራሱን በጨርቅ የጠቀለለ ሰው እንኳ በዚያ ሰዓት አይወጣም። በጡብ ክምሩ ኋላ ዞሬ ጋጡ ጋ ደረስኩ። ጆሮው የተቀደደው ግራጫው አህያ ዐይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ተንበርክኬ የእግሩን ገመድ ፈታሁ።

«ሂድ!» አልኩት በሹክሹክታ። «ሂድና አምጣው!»

ጆሮውን አንድ ጊዜ አንቀሳቀሰ። ገፋሁት። ጅራቱን ጎተትኩት። ለአገር ችግር ምንም ደንታ የሌለው ፍጡር ነበር።

ይሄኔ ድምፅ ሰማሁና ጡቡ ኋላ ተሸጎጥኩ። ጋያባይ መጣች፤ ከኋላዋ እናቴ። ጋያባይ አህያውን ተፈትቶ ስታየው «ኧረ የዚህስ ገመድ አልቋል» አለችና መልሳ አሰረችው። ከዚያ ሁለቱም ቁጢጥ ብለው ከጋጡ ዳር ያለውን ድርቆሽ ገለጡ፣ አፈሩን በእጃቸው ጫሩ፣ አንድ እንስራ ብቅ አለ። አፉ በጨርቅ ታስሯል! እናቴ ፈታችው፤ እጇን እስከ ክንዷ ከተተች፤ ጣቶቿን አሸተተች። ጋያባይ አመድ በተነችበት፣ የኒም ቅጠል ጨመረችበት። እናቴ ክሩን በጥርሷ ይዛ አጥብቃ አሰረችው።

«ደህና ነው» አለች። «ጊዜው እስኪደርስ እዚሁ ይቀመጥ። ማንም እንዳያይ፤ በተለይ እሱ።»

«እኔን ነው የምትጠራጠሪው? እኔ እንደ ጡብ ምድጃዬ ነኝ፤ እሳቱ ውስጥ ነው።»

«ጢሱስ?»

«ጢሱንማ አማትሽ እያናፈሰችው ነው!»

ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ። አያቴ ልክ ነበረች። ዝናቡ እንስራ ውስጥ ነው፤ ያሰሩት ሁለት ናቸው፤ አንዷ እናቴ ናት።

ይህን ይዤ መዋል ፍም በአፍ ይዞ መዋል ነበር። የማሽላ ቂጣዬን ስቆርስ እናቴን አያለሁ፤ እናቴ ስታየኝ ግድግዳ አያለሁ። «ይህቺን ልጅ ፀሐይ መታት» አለች አያቴና ግንባሬ ላይ ሽንኩርት ለጠፈችብኝ።

ቀጥሎ የእንቁራሪቱ ተራ መጣ። ዝናብ ሲቀር በኛ አገር ልጆች እንቁራሪት ይዘው በኒም ቅርንጫፍ ላይ ያስሩና ቤት ለቤት እየዞሩ ይዘፍናሉ፤ ሴቶች ወጥተው ውሃ ያፈሱባቸዋል። ድምፄ ከሁሉም ስለሚበልጥ መሪዋ እኔ ነበርኩ። ውሃ በጠፋበት ጊዜ ሴቶቹ የሚያፈሱት በጣታቸው ነው፤ አንዳንዷ እንትፍ ያለችብን ያህል ነው። ጋያባይ ቤት ስንደርስ ግን ሙሉ ገንቦ ይዛ ወጥታ እየሳቀች አናቴ ላይ ገለበጠችው። ቅዝቃዜው ትንፋሼን ቀማኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጥሩ ነገር ነክቶኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ተቆጣሁ።

«ይህን ሁሉ ውሃ ከየት አመጣሽው?»

«ከእንስራ ነዋ ልጄ! ሸክላ ሠሪ ነኝ፤ ሌላ ምን አለኝ?»

አመነች! ሰው ሁሉ እያለ፣ እየሳቀች አመነች። አሁን ሳስበው፣ ጎህ ሳይቀድ ወንዙ አሸዋ ውስጥ ቆፍራ፣ በጽዋ እየቀዳች ያጠራቀመችውን የቀን ውሃዋን ነው ለእንቁራሪታችን ያፈሰሰችው።

እንቁራሪቱ ከሰዓት በኋላ ሞተ። የሞተው በጋያባይ ደጅ ስላለፈ ነው ያለችው ጎረቤታችን ካውቲካ ናት። ካውቲካ ቤት የቀረ ዘር አልነበረም፤ ደላላው ከሷ ባል ጋር ጨርሷል። ይህን ያኔ አላገናኘሁትም፤ የገባኝ ድምጿ እየጨመረ መሄዱ ብቻ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግማሽ መንደር አካፋና ዶማ ይዞ ጋያባይ ደጅ ቆሟል።

«ነይ ውጪ!»

«ምነው ካውቲካ፣ ገንቦሽ ተሰበረ እንዴ?» አለች ጋያባይ እጇን በሳሪዋ እየጠረገች። ከዚያ ዶማዎቹን አየች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ።

«ዝናቡን የት ነው የቀበርሽው?»

«ዝናብ መያዝ ብችል ጡቤን ባዳንኩ ነበር።»

«ትቀልጃለሽ! የኛ ልጆች ሸንኮራ ሊወርዱ አንቺ ትቀልጃለሽ!»

አንዱ ጎረምሳ ገንቦዎቿን እያገላበጠ ያይ ጀመር፤ አንዱን ለቀቀው፤ ከሸ አለ። ከዚያ ሁለተኛው ሳይታሰብ የወደቀ አልነበረም። ምድጃው ዙሪያ ቆፈሩ። ደጃፉን ቆፈሩ። ጋያባይ እጇን አጣምራ ቆማ «ቆፍሩ፣ ቆፍሩ! ጥሩ አፈር ነው፣ ለጡብ ይሆነኛል» ትላለች። ምንም አልተገኘም። ሰዎቹ ላብ በላብ ሆኑ፤ አንድ ሁለቱ ማፈር ጀመሩ፤ ከኋላ የቆሙት ሾልከው ሊሄዱ ነው።

ጉዱ ሳይወጣ ሊበተኑ! የሚያውቅ ሰው መሃላቸው ቆሞ!

«ከአህያው ጋጥ ሥር ነው!» አልኩ፣ በእንቁራሪት ዘፈን ድምፄ።

ጋያባይ ዞራ አየችኝ። ያን አስተያየት መቼም አልረሳውም፤ ቁጣ አልነበረበትም። «ዝም በይ ልጄ» የሚል ብቻ ነበር።

አህያውን ገፍተው ቆፈሩ። እንስራው ወጣ። የታሰረ አፍ፣ አመድ፣ የኒም ቅጠል፤ አያቴ እንዳለችው፣ ልክ እንዳለችው። ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ወደ ኋላ አለ። አንዲት ሴት የልጇን ዐይን ሸፈነች። የሚነካው ጠፋ።

«ቤቱን ነው ማቃጠል!» አለ አንድ ድምፅ። «ከነእንስራው!» አለ ሌላ። ገለባ ለመምዘዝ ጣሪያው ላይ እጅ ሲነሳ አየሁ።

ያኔ እናቴ መጣች። ሮጣ ነው የመጣችው፤ ሳሪዋ ከራሷ ላይ ተንሸራቷል፤ እናቴን በሽማግሌ ፊት ራሷ ተገልጦ አይቻት አላውቅም ነበር። ሰዉን በክርኗ እየጣሰች አለፈች፣ እንስራው አጠገብ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ጭኗ ላይ ዘረገፈችው።

ውሃ ይፈሳል ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁት የጠጠር ዝናብ የመሰለ ድምፅ ነው። ስከፍት ማሽላ ነበር። ነጭ፣ የተመረጠ፣ አንድ ነቀዝ ያልነካው የማሽላ ዘር።

«ዘር ነው» አለች። «የኔ ዘር ነው። ጋያባይ አደራ ያዘችልኝ እንጂ የሠራችው የለም። የምትሉት ካላችሁ እኔን በሉ።»

ሰዉ ሁሉ የገባው ነገር ለኔ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዘር የባል ነው። መቼ እንደሚዘራም የሚወስነው እሱ ነው። ዘር የደበቀችበት ሚስት ለመንደሩ በሙሉ «ባሌ ሞኝ ነው» እያለች ነው። ለዚህ ነገር ልብሷን ጠቅልላ ወደ አባቷ ቤት የተሸኘች ሴት እናውቃለን፤ የእናቴ አባት ቤት ደግሞ የሸንኮራ ጎጆ ነበር።

አያቴ እያለከለከች ደረሰች። «ከልጄ ቅርጫት! በገዛ ቤትሽ ሌባ!»

«ባሏን ነቀዝ በላው ብላዋለች!» አለች ካውቲካ፤ እዚህም እዚያም ሳቅ ፈነዳ።

አባቴ ከማሳው አቅጣጫ መጣ። አልሮጠም። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። እናቴ ቀና ብላ አላየችውም፤ እጆቿ ዘሩ ላይ እንደ ተዘረጉ ቀሩ። ቁጢጥ አለ። ጥቂት ፍሬ በመዳፉ አነሳ፣ አንዷን ነከሳት፣ እያላመጠ ቆየ። ሁሉም አፉን ያያል። የአህያው ጅራት ዝንብ ሲያባርር ይሰማል።

«ደህና ተይዟል» አለ። ከዚያ ተነሣ። «ምን ታፈጣላችሁ? ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ?» አለች አያቴ።

«እኔ ነኝ። ሁላችሁ ስትዘሩ እጄን አጣምሬ ብቀመጥ ‹ኒቭሩቲ ፈራ› ትሉኝ አልነበር? ግማሹን ዘራሁ፣ ግማሹን ቀበርኩ። ሚስቴ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው።»

«ታዲያ ለምን የኔ ዘር ነው አለች?» አለች ካውቲካ።

«ያንቺ ባል የሚደብቀው ነገር ቢኖረው አንቺስ ምን ትዪ ነበር?» አላት። አሁን የተሳቀው በሷ ነው። «ገንቦ የሰበራችሁ፣ ነገ ጠዋት መጥታችሁ የጋያባይን ጭቃ ትረግጣላችሁ፤ ምትኩ እስኪሠራ።»

ረገጡም። ጎረምሶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ሲዳክሩ፣ ጋያባይ ጡብ ላይ ተቀምጣ «ጠንከር አድርገህ እርገጥ የኔ ጌታ፣ ሙሽራ አይደለህ!» ስትል ሰምቻለሁ።

በዚያ አመሻሽ ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ዘሩን መልሶ እንስራው ውስጥ ከትቶ ትከሻው ላይ ተሸከመው። ወንድ እንስራ ሲሸከም ያየሁት ያን ቀን ነው። እናቴ ከኋላ፣ ሳሪዋን እስከ አገጯ ጎትታ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ትከተለዋለች። አለቀሰች ብዬ ነበር። አሁን እርግጠኛ ነኝ፤ ያ ለቅሶ ሳይሆን ሳቅ ነበር፤ ከገደል አፋፍ የተመለሰ ሰው የሚስቀው ሳቅ።

ለኔ ግን የቀኑ ትምህርት ሌላ ነበር። እናቴ አሳሪ ናት፤ አባቴም አምኗል፤ እኔ የዝናብ አሳሪዎች ቤት ልጅ ነኝ። መንደሩ ይህን ሲረዳ ተመልሶ ይመጣል ብዬ ጫማዬን ከበሩ አጠገብ አድርጌ ተኛሁ።

የመጣው ሌላ ነገር ነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ፊቱን አዞረ። መጀመሪያ ያወቁት በሬዎቹ ናቸው፤ አፍንጫቸውን ወደ ምዕራብ አነሱ። ጉንዳኖች እንቁላላቸውን ይዘው ግድግዳ ወጡ። ደመናው ያለ ነጎድጓድ፣ ያለ አቧራ፣ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው ዝቅ ብሎ መጣና መዝነብ ጀመረ። አልቸኮለም። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፣ ማግስቱንም ዘነበ። ጣሪያችን በየቦታው አፈሰሰ፤ ድስቱን፣ ሳህኑን፣ የአያቴን የመድኃኒት ብልቃጥ ሁሉ ደረደርንበት፤ ማንም አላማረረም። አያቴ ደጃፍ ተቀምጣ እግሯን ለዝናቡ ዘርግታ «ፈቱት!» አለች። «ነገርኳችሁ! እንስራው ተከፈተ፣ ዝናቡ ወጣ!»

እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ማን አስከፈተው? እኔ። የመንደሩ ልጆች አመኑኝ፤ አንድ ክረምት ሙሉ መጀመሪያ ዥዋዥዌ የምጫወተው እኔ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ማዕረጉን እስከ ዛሬ በይፋ አልመለስኩም።

መሬቱ እግር ሲችል አባቴ በሬዎቹን ጠመደ። እናቴ ከኋላው፣ ከማረሻው ጋር በታሰረው የቀርከሃ ቱቦ ውስጥ ዘሩን ከእፍኟ እያንጠባጠበች ሄደች። እፍኟ አይሳሳም፣ አይወፍርም። አባቴ በየመታጠፊያው ዞር ብሎ ያያት ነበር፤ እሷም በየመታጠፊያው ሌላ ቦታ ታያለች። ካውቲካ ሳሪዋን ዘርግታ የዘር ትራፊ ልትለምን መጣች። እናቴ ሰጠቻት። ግን ትንሽ አቆመቻት። ጠባዬን ከማን እንዳመጣሁት የሚጠይቅ ካለ ይኸው። ደላላው ሲመለስ ሻዩን ጠጣ፣ ማሽላው ወገቡ ጋ መድረሱን አየና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ሸንኮራ አልወረድንም፤ በዚያም ዓመት፣ ከዚያም በኋላ።

እናቴ ያን የአባቴን ቃል ዕድሜ ልኳን ይዛው ኖረች። በሬ ሳያማክር ሸጦ ሲመጣ፣ በሠርግ ላይ ሲያኮርፍ፣ እኔና ወንድሞቼ «እንዴት ትችይዋለሽ?» ስንላት «እናንተ ምን ታውቃላችሁ» ትለን ነበር። «በአገር ፊት ለኔ ሲል የዋሸ ወንድ ነው።» አባቴ ይህን ሲሰማ ጢሙን ይዳብሳል፤ ወይ ደግሞ በሬዎቹን ሊያይ ይወጣል። አንድ ጊዜም አዎ አላለም፤ አንድ ጊዜም አይደለም አላለም።

ባለፈው ዓመት፣ አዝመራው በገባ ሰሞን፣ አባቴ በእንቅልፉ ሄደ። ዘንድሮ ለዓመቱ መታሰቢያ ተሰብስበን ቤቱ በሰው ተሞላ። ውጪ ካፊያ ነበር። እናቴ መሃል ተቀምጣ ለወንድሞቼ ሚስቶች ታሪኩን ትነግራለች፤ ጋጡን፣ ዶማውን፣ የሳሪዋን ከራሷ መንሸራተት። ሴቶቹ ስንቴ የሰሙትን አሁንም አፋቸውን ይዘው ይሰሙታል። «በሕይወቱ አንዴ ብቻ ዋሸ» አለች እናቴ፤ ፊቷ በርቶ፣ ሐዘኑም እዚያው ሆኖ። «እሱንም ለኔ።»

ጋያባይ አጠገቤ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ዐይኗ ደክሟል፤ የምትልጠው በጣቷ ነው። ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለች።

«ሬኑካ፣ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

«እንዴት የቱ ጋ ነው? ዘሩን እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት ያለው ነዋ።»

እናቴን በጎን አየቻት፤ እናቴ ለትንሿ ምራቷ እንስራው እንዴት እንደተዘረገፈ በእጇ እያሳየች ነበር። ጋያባይ ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች።

«አባትሽማ ከናትሽ በፊት ነው የመጣው። የሆሊ በዓል እሳት በተለኮሰ ማግስት፣ ገና በበጋው፣ ‹እናቴ ከሰማች ምሪግ ላይ ታስዘራኛለች፤ ለማንም እንዳትናገሪ› ብሎ። እናትሽ ደግሞ ቆይታ ‹ከሱ ደብቂልኝ› ብላ መጣች። እኔ ምን ልበል? ሁለቱንም ያዝኩ። የሱ እንስራ ከሷ ትንሽ ወዲያ፣ ከአህያው የኋላ እግር በታች ነበር፤ ዶማው አልደረሰበትም። ዝናቡ ሲመጣ ‹ልቆፍርልህ?› ስለው ‹ተይው፣ የሷ ይበቃናል፤ አንቺው ዝሪው› አለኝ። እኛ ቤት ያን ዓመት ቂጣ የተበላው በሱ ነው።»